የሞክሼዬ ጣራ

ዜናውን ያመጣልን ከቆላ ወደ ደጋ ጥጥ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። አህያውን ሳያራግፍ በራችን ላይ ቆሞ፣ «የምሥራች! ዘሀራ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት» አለ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ቆይ፣ መች ጨረስኩ? ስሟን ሩቅያ ሊሏት ነው። በዚህችው በአክስቷ።»

ሩቅያ እኔ ነኝ። ሰው ሞክሼ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ እኔ ግን ቤቱን ሦስቴ ዞርኩት። ዘሀራ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከተዳረች ወዲህ አላየኋትም። የልጇ አቂቃ ሊደርስ ነው፣ እኔና ወንድሜ ሰይድ ከደብረ ሲና ወርደን ስሟ ሲወጣ ልንገኝ ነው፤ ደግሞ ስጦታ አለን። እንዴት ያለ ስጦታ!

መጻፍ ከለመድኩ ብዙም አልሆነኝ። ጎረቤታችን አለቃ ናቸው ፊደል ያስቆጠሩኝ። ወረቀቴም ሰይድ ጣሊያኖች ከሚያሠሩት መንገድ የሚያመጣልኝ የስሚንቶ ከረጢት ነው፤ ሲያራግፉት ያስነጥሳል። አሁን እጄ ስለተፍታታ ይህን ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በደስታ ልጽፈው ነበር። ደስታው አለ። ከመሃል ጀምሮ ግን ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ የምጽፈው ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ቁልቁለቱ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጉም ከተማውን ውጦታል፣ እኔም ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። በሁለቱ አህዮች ላይ የተጫነው ስጦታችን ቆርቆሮ ነው። ሰይድ መንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ፈላጭ ነው፤ አንድ መጋዘን ሲፈርስ በደሞዙ ፈንታ ያገለገለውን ቆርቆሮ ሰጡት። ደብረ ሲና ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የጣሊያን ቤት ብቻ ነው። አሁን የሞክሼዬ ቤት ሊለብስ ነው!

እናቴ ለአራሷ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ከቋጠረች በኋላ ጆሮዬን ይዛ፣ «ስሚኝ፣ አራስን የሚገድላት ንፋስ ነው። ቀዳዳ ካየሽ ድፈኚ» አለችኝ።

«እሺ።»

«እሺ ሳይሆን ድፈኚ።»

ቆርቆሮው ኳ ኳ እያለ ወረድን። ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች ባለፉ ቁጥር ከመንገድ ወጥተን አህዮቹን ጆሯቸውን ይዘን እንቆማለን፤ አቧራው ሲሰክን ሰይድ ነጭ ሽማግሌ መስሎ ይወጣል። ያን ቀን አርማንያ ከአባታችን ወዳጅ ዘንድ አደርን። ጠዋት ከአንዲት ሴት ሎሚ ልንገዛ የወረቀት ሊሬ ብንሰጣት አገላብጣ አየችውና፣ «ይኼ ምንድነው፣ እሳት ማቀጣጠያ? ጨው የላችሁም?» አለች። በአንድ እፍኝ ጨው የነጠላዬን ጫፍ የሞላ ሎሚ ሰጠችን።

ከአርማንያ በታች አየሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። ግራሩ እየበዛ፣ የታጨደው የማሽላ እርሻ እየሰፋ፣ ሰማዩም ወደ ታች እየቀረበ መጣ። አንዱ አህያ ያለወትሮው መንበጫበጭ ጀመረ። ቆርቆሮው ቆዳውን እንዳይነካ ከሥሩ ኮርቻና ጆንያ አለ፤ እሱ ግን አንገቱን እያዞረ ጎኑን ያያል። ጠጋ ብዬ ስሄድ ጉንጬ ተቃጠለ።

«ሰይድ፣ ሳልነካው አቃጠለኝ እኮ!»

«ታዲያ ራቂዋ፣ ማን ተጠጊ አለሽ?»

ሳቅንና ራቅን። አህያው መራቅ አልቻለም። በኋላ ሳስበው አህያው ነግሮኝ ነበር።

ድልድዩ ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ አስቁሞን ቆርቆሮውን በዱላው ቆረቆረው። «ከየት ሰረቃችሁት?» ሰይድ ከአሠሪው የተሰጠውን ወረቀት አሳየው። አስካሪው ገልብጦ ይዞ እያነበበ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ማንበብ ስለምችል ሳቄ መጣ። እንዲህ ነበርኩ እንግዲህ፣ ወደ ሮቢት ስገባ ደረቴ ከአህዮቹ ይቀድም ነበር።

ሮቢት ስንደርስ

ሞክሼዬ እንደ ጡጫዬ ያለ ፊት አላት። ዘሀራ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ «ያዣት፣ አንቺ ነሽ» ብላ ሰጠችኝ። የእህቴ ባል እንድሪስ ከካራቆሬ ማዶ ለመንገድ ሥራ ተወስዶ ስለነበር ቤቱን የያዙት አባትና እናቱ ናቸው፤ ጋሼ ሙሄና እትዬ ፋጤ።

ጋሼ ሙሄ ቆርቆሮውን ዞረው ዞረው አዩት። «ጣሊያን በላያችን መቀመጡ አነሰና አሁን ጣራውም ሊቀመጥብን ነው?»

«አንቱ ደግሞ!» አሉ እትዬ ፋጤ። «ከሩቅ የመጣ ስጦታ እንዲህ ይባላል? ማሻአላህ በሉ።»

«ማሻአላህ። አሞራም አውሮፕላንም የሚያየው ቤት ሊኖረን ነው።»

ቤታቸው አራት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር። በግድግዳውና በጣራው መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ይዞራል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ያላለቀ ቤት ነው።

«ግድግዳውን ሳትጨርሱት ነው የገባችሁት?» ብዬ ጠየቅኩ። እህቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ አላየሁም አልኩ።

ይባስ ብዬ ጎረቤታቸውን እትዬ መዲናን ነካሁ። እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው ለሰሌን የሚሆን የዘንባባ ቅጠል ይሰነጥቃሉ። ጎጇቸው ክብ ናት፣ የማሽላ አገዳና ሣር ብቻ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ይታያል። «እትዬ መዲና፣ የእርስዎ ቤት የአይጥ ጎጆ ይመስላል። ቆርቆሮ ከተረፈን እንሰጥዎታለን» አልኳቸው። ጨዋታ መስሎኝ ነው። እሳቸው ፈገግ ብለው ቅጠላቸውን መሰንጠቅ ቀጠሉ።

ከአቂቃው በፊት ባለው ቀን ሰይድና ጋሼ ሙሄ ዘሀራን ከነልጇ ከጥግ ወደ ጥግ እያዛወሩ የሣሩን ጣራ አፍርሰው ቆርቆሮውን መቱት። የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ ጋሼ ሙሄ በሰም ደፈኑት። እኔ ደግሞ የእናቴን ቃል አከበርኩ፤ ጭቃ አቡክቼ ያንን ክፍተት ዙሪያውን መረግኩት። እትዬ ፋጤ አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ እንኳ ባይደፈን…» ሲሉ፣ «አራስን ንፋስ ይመታታል» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። የእንግዳ ቃል ከባድ ነውና ተዉኝ።

የአቂቃው ዕለት ሰማዩ ደመና ነበር። በጉ ታረደ፣ በሞክሼዬ ጆሮ አዛን ተባለ፣ ስሜ ስሟ ሆነ። ድግሱ ከሾላው ሥር ስለነበር ከአራሷ በቀር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አሮጌውን የጣራ ሣር በክንዴ እየታቀፍኩ ከድስቶቹ ሥር ስማግድ ትዝ ይለኛል፤ እንዴት ቦግ እያለ ይነዳል! የመጣው ሁሉ ጣራውን ቀና ብሎ አየ፣ እኔም የሚያዩትን ሰዎች አየሁ። ሰይድ ሥራው እንዳይቀርበት በማግስቱ ማለዳ አህዮቹን ይዞ ተመለሰ፤ እኔን በኋላ መጥቶ ሊወስደኝ።

ቀትር

ሰይድ በሄደበት ቀን ደመናው ተገፈፈ። ዙሁር ሳይደርስ ቤቱ ውስጥ መተንፈስ እንደ ገንፎ መዋጥ ሆነ። ሞክሼዬ ፊቷ ቀላ፣ ጡት ሲሰጧት አዞረች፣ ትንፋሿ እንደ ጫጩት ፈጠነ።

«ምች ነው» አሉ እትዬ ፋጤ። «ትናንት ደጅ አወጣችኋት።»

«ንፋስ ነው» አልኩ እኔ፤ ተነስቼም በሩን ዘጋሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዘሀራ በላብ ተነክራ፣ «ሩቄ፣ ትንሽ ክፈቺው» አለች። «ለእሷ ስንል ነው» አልኳት። በዚህ መሃል ጠብ የሚል ነገር ሰማን። አንዴ፣ ደግሞም ሌላ። ቀዳዳ የተደፈነበት ሰም ቀልጦ መደቡ ላይ፣ ከሕፃኗ ራስ አጠገብ ይንጠባጠብ ነበር። በየቀዳዳው የፀሐይ ጨረር እንደ ጦር ገባ። ሞክሼዬን ቀና ሳደርጋት እጅ እግሯ ተዝለፈለፈ። ማልቀስም ትታለች።

በሩን የበረገዱት እትዬ መዲና ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ ሕፃኗን ከእጄ ወሰዱ።

«አራስ ከአርባዋ በፊት ከቤት አትወጣም!» አሉ እትዬ ፋጤ።

«ቤት ሲሆን አይደል? ይኼ ምጣድ ነው። ዘሀራ፣ ተነሽ ተከተይኝ!»

እህቴ ግድግዳ እየደገፈች ግቢውን አቋርጣ የአይጥ ጎጆ ወዳልኩት ገባች። እዚያ ውስጥ ንፋሱ ባገዳው መካከል ይመላለሳል። ለሕፃኗ እርጥብ ጨርቅ አደረጉላት፣ የእናቷን ጡት እየጨመቁ በጣት አጠጧት። እኔ ከደጅ ቆሜ ዱኣ አደርጋለሁ፤ መግባት አፈርኩ። የአስር ሶላት ሲቃረብ ትንሽ፣ ቀጭን ልቅሶ ሰማሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ልቅሶ የለም።

እትዬ ፋጤ ወጥተው ሲያዩኝ እርጥቡን ጨርቅ አስይዘውኝ ተመልሰው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንንሾቹ ቤቶች

ሕፃኗ ነፍስ ዘራች፤ ግን ደካማ ነበረች፤ ወደ ቆርቆሮው ቤት በቀን መመለስ የማይታሰብ ነው። የእትዬ መዲና ጎጆ ደግሞ አንድ ክፍል ናት፣ ባላቸውም ወደ አፋር ከወሰዱት ግመል ጋር ዛሬ ነገ ይመለሳሉ ይባላል። ቆርቆሮውን እንዳናነሳው የድሮውን ሣር እኔው አንድጄዋለሁ፤ አዲስ ሣር ያለ ክረምት አይገኝም። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያልፉ፣ «ቤት አሠርተው ሰው ቤት ይውላሉ» ሲሉ ሰማሁ። ዘሀራም ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያ የቀለጠ ሰም ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰም ሙቀቱን ከነገረን ሌላም ነገር ሊነግረን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከቆርቆሮው የተረፈ ቁራጭ ነበር። ዶሮ የምታድርበት ያህል የሆኑ የጭቃ ቤቶች ሠርቼ በቆርቆሮ ከደንኳቸው፤ አንዱን እኔ እንዳደረግኩት ዙሪያውን መረግኩት፣ ሌላውን እንደ ድሮው ክፍተት ተውኩለት። ውስጣቸው የሚቀልጥ ነገር ያስፈልገኛል። ቅቤ እዚያ አገር ጥላ ውስጥም ይፈስሳል። ስለዚህ የአቂቃውን በግ ሞራ ለመንኩ።

«የአቂቃ ሞራ ለመጫወቻ? አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ፋጤ። ሆኖም ሰጡኝ። በእንቁላል ቅርፊት እየሰፈርኩ በየቤቱ በገል ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሼ ሙሄ ቁጢጥ ብለው አዩኝ። «ሰፈር ቆረቆርሽ። ለማን ነው የምታከራዪው?»

«ለሞራ ነው።»

«ኪራይ የሚከፍል ሞራ ካገኘሽ ለኔም ንገሪኝ።»

ቀትር ሲሆን፣ የተመረገው ቤት ሞራ ዘይት ሆነ። ይህን ጠብቄ ነበር። ክፍተት ያለው ግን ይተርፋል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ንፋሱ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋላ! ጎንበስ ብዬ ሳየው እሱም ቀልጧል። ቀስ ብሎ ነው፣ ታቹ ገና ነጭ ነው፤ ላዩ ግን ያብለጨልጫል። ደግሜ ተሳሳትኩ። እትዬ መዲና ከበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ንፋሱ በጣቶቼ መሃል ሲያልፍ ይሰማኛል፤ የእጄ ጀርባ ግን ይቃጠላል፤ መዳፌ ምንም የለው። ያን ጊዜ አህያው ትዝ አለኝ፤ ሳልነካው ያቃጠለኝ ጉንጬም። የማሽላ ቅጠል አንስቼ በእጄና በቆርቆሮው መካከል አስገባሁ። ትኩሳቱ በር እንደተዘጋበት ቀጥ አለ። ቅጠሉን ሳወጣ መጣ፣ ሳስገባ ቆመ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የገባኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሙቀት የሚመጣው በአንድ መንገድ አይደለም። እንደ ጋለ ድንጋይ ሲነኩት የሚተላለፍ አለ። በአየር ተጭኖ የሚዞር አለ፤ መውጫ ካገኘ ይሄዳል፣ ካጣ ይጠራቀማል። ሌላው ግን እንደ ብርሃን ዝም ብሎ የሚወርድ ነው፤ መንካት አይፈልግም፣ ንፋስም አይመልሰውም፣ የሚያቆመው ጋራጅ ብቻ ነው። ቆርቆሮው በሞክሼዬ ላይ ሁለተኛ ፀሐይ ሆኖ ነበር። እኔ ደግሞ መውጫውን መርጌ አየሩን አሰርኩባት። ሁሉም ባንድ ላይ ወረዱባት።

በማግስቱ የሰሌን ቅዳጅ ለምኜ ባንዱ ቤት ከቆርቆሮው ጋር አጣብቄ ለጠፍኩ፤ በሌላው ዝቅ አድርጌ አንጠለጠልኩት፣ በመካከላቸውም ንፋስ የሚያልፍበት ተውኩ። የተጣበቀው ሰሌን ራሱ ግሎ ሞራውን አላላው። ሰሌኑ የተንጠለጠለበት ቤት ውስጥ ግን ሞራው እንደገባ፣ ነጭ እንደሆነ ተቀምጧል!

ዘልዬ ተነሳሁና፣ «አልቀለጠም! አልቀለጠም!» እያልኩ እየጮህኩ ወደ እትዬ መዲና ጎጆ ገባሁ። ዘሀራ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን እያዳመጠች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ ሞራ ናት፣ ሩቄ?»

ደስታዬ አፌ ላይ ደረቀ። ወለሉን እያየሁ ወጣሁ።

ሰሌን

ለቤቱ በሙሉ የሚሆን ሰሌን ያላቸው እትዬ መዲና ናቸው፤ ለሮቢት ገበያ የሠሩት ተጠቅልሎ ቆሟል። ሄጄ ከበራቸው ቆምኩ።

«እትዬ መዲና… ሰሌን…»

«ከአይጥ ጎጆ ሰሌን ይወጣል እንዴ?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ተነሽ፣ ወገቤን አታስጨንቂኝ፤ ማንሳት ይከብደኛል። የወሰድሽውን ያህል ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ። ይኼ ጣት ብዕር ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው?»

ያለው ሰሌን አልበቃም፤ የጎደለውን አብረን ሠራን። የዘንባባ ቅጠል ጠርዙ ምላጭ ነው። እሳቸው ሲሠሩ አያዩትም፤ እኔ እያየሁትም ቆረጠኝ። አንዴ ደሜ ሰሌኑ ላይ ሲወርድ፣ «አሁን ሸማኔ ሆንሽ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ውስጥ ቂም አጣሁበት። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

የመረግኩትን ጭቃ በገዛ እጄ ፈረፈርኩት። ጋሼ ሙሄ ከቆርቆሮው በታች ጠፍር ወጠሩና ሰሌኑን አንጠለጠልን፤ ዳርና ዳሩ ለንፋስ ክፍት ነው። ሲያልቅ ማን ይግባ ተባለ።

«እኔ እተኛበታለሁ» አልኩ።

«አንቺ ምን አለሽ፣ አጥንት ብቻ» አሉ ጋሼ ሙሄ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው። «የኔ ሞራ ይበልጣል። እኔ ልቅለጥ።» ዙሁር ሰግደው ገቡና ተጋደሙ። እኛ ከደጅ፣ ዘሀራ ከእትዬ መዲና በር ላይ ሆነን ጠበቅን። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። በመጨረሻ ከውስጥ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ሙሄ ያንኮራፋሉ።

እትዬ ፋጤ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ዘሀራ ብድግ አለች። ሕፃኗን አቅፋ ግቢውን አቋርጣ፣ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች፤ ሞክሼዬን እጄ ላይ አደረገችና፣ «አንቺ አስገቢያት» አለች።

ይዤያት ገባሁ። መደቡ ላይ አስተኝቼ በግንባሯ ላይ መዳፌን አደረግኩ፤ ላብ የለውም። አፏን እንደ ዓሣ ከፍታ ዘጋችና ተኛች።

ሽቅብ

ሰይድ ሲመጣ የእትዬ መዲናም ባል ገብተው ነበር። እስክሄድ ድረስ የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ ጣራውን ለማየት ይገባል። እትዬ ፋጤም፣ «የሩቅያ አክስት ናት ከደጋ ያመጣችልን» ይላሉ፤ ሌላውን አይናገሩም። አንድ ቀንም አልተናገሩም። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ ምንም ሰሌን አልጋረደልኝም።

ሽቅቡን ወጣን። አህዮቹ ባዶ ስለነበሩ ይፈነጥዛሉ፤ ያን የተንበጫበጨውን ጎኑን እያሻሸሁለት ሄድኩ። ከአርማንያ በላይ ብርዱ ተቀበለን፣ ጋቢዬንም አወጣሁ። ደብረ ሲና ስንገባ እናቴ ከበር ሳልገባ፣ «ጣራው አማረ? ቀዳዳውን ደፈንሽ?» አለችኝ።

«ደፈንኩ» አልኳትና አለቀስኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ምክሩ የኔ ነው» አለች። «ጭቃው የኔ ነው» አልኳት። ተቃቅፈን ተቀመጥን።

የደጋ ቤት ንፋስን ይፈራል፣ የቆላ ቤት ይጋብዘዋል። እኔ የራሴን አገር ፍርሃት በአህያ ጭኜ ሰው ቤት ወስጄ ነበር። አሁን ሰው ቤት ስገባ ያላለቀ የሚመስለኝን ነገር ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልነካም።

ስንሰነባበት ጋሼ ሙሄ ወረቀቴን አይተው አደራ ሰጥተውኛል፦ «ይህን ለሚያነብ ሁሉ ንገሪልኝ። በሮቢት የሚያልፍ ሰው ቤቴ ይግባ። ግን በቀትር ይምጣ፤ ማታማ ሁሉም ቤት ጥሩ ነው።»

አደራቸውን አድርሻለሁ። በቀትር ኑ። ቆርቆሮው ከሩቅ ሲያብለጨልጭ ታዩታላችሁ፣ መንገድ መጠየቅ አያሻችሁም። መጀመሪያ በሣሯ ጎጆ በር ላይ ለሚቀመጡት ለእትዬ መዲና ሰላም በሉ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ከሰሌኑ ሥር ሩቅያ ተኝታለች።